ቀለህ ቶርኖ ላይ አይወጣም፦ ስለ «ዋይልድካት» ጥይት የሰማኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ፣ አንድ ቶርኖ ቤት የተበላ ቡሽንግ ሳስወጣ ወሬው ወደ ጥይት ዞረ። አንድ ልጅ ስልኩ ላይ አሜሪካኖች ፋብሪካ የማይሠራውን የጠመንጃ ጥይት ቤታቸው ሲሠሩ አይቷል። «ዋይልድካት» ይሉታል፣ የዱር ድመት እንደማለት። ሻይ እስኪመጣ ድረስ አምስት ሰው ስድስት ነገር ተናገረ። አብዛኛው ስህተት ነበር።

«ከባዶ የተፈጠረ ጥይት ነው» አለ ልጁ። አይደለም። መነሻው ሁሌም ማለት ይቻላል የነበረ ቀለህ፣ ማለትም ባሩዱን የሚይዘው የጥይቱ ቅርፊት ነው። አረሩ የሚቀመጥበትን አንገቱን ያጠቡታል ወይ ያሰፉታል፣ አልያም ከአንገቱ በታች የሚሰፋውን ትከሻውን ይለውጣሉ። በጃንሆይ ጊዜ ጦሩ የያዘው ኤም ዋን ጠመንጃ የሚጎርሰውን «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» ውሰዱ። አንገቱ ሲጠብ «ሃያ አምስት ዜሮ ስድስት» ይሆናል። ይሄ ለአሥርት ዓመታት የግለሰቦች ሥራ ሆኖ ቆይቶ፣ ሬሚንግተን ፋብሪካ የተቀበለው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አያቶቻችን ለበን የሚሉት ጠመንጃ ጥይት የተወለደው ከእሱ በፊት ከነበረው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ከውጅግራ ቀለህ ነው። ፈረንሳዮች በ1886 እ.ኤ.አ. የ11 ሚሊሜትሩን አንገት ወደ 8 አጥብበው ሠሩት።

«በቃ፣ እኛም ቶርኖ ላይ እናወጣዋለን» ሲባል ባለቶርኖው ራሱ ሳቀ። እንዲህ ያለ ቀለህ አይላጭም፣ ይጨመቃል። ቅባት ተቀብቶ ዳይ በሚባል የብረት ቅርጽ ውስጥ ይገፋል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ግፊት ሳይሆን በደረጃ። ቅባቱ ካነሰ ዳዩ ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። ከበዛ ደግሞ ትከሻው ይሰረጉዳል።

ዋናው ክርክር ግን የናስ ነገር ነበር። አንድ አባት «ናስም እንደ ብረት ነው፤ ግለህ ውሃ ውስጥ ስትነክረው ይጠነክራል» አሉ። ለማረሻና ለቢላዋ ልክ ነዎት አልኳቸው። ናስ ግን ተቃራኒ ነው። የቀለህ ናስ 70 በመቶ ገደማ መዳብ፣ ቀሪው ዚንክ ነው። እሱን የሚያጠነክረው መታጠፍና መጨመቅ ነው። ሽቦ ወዲህ ወዲያ ስታጥፈው መጀመሪያ ይደነድንና ከዚያ ቀጭ ይላል አይደል? አንገቱ የተጨመቀ ቀለህም እንደዚያው ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንገቱንና ትከሻውን በእሳት ያለሰልሱታል። ብር ሠሪ እየቀጠቀጠ መሃል ላይ መልሶ የሚያግለው ለዚሁ ነው። ውሃው የሚያጠነክረው ነገር የለም። ጥቅሙ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይወርድ ማቆም ብቻ ነው። ምክንያቱም የቀለሁ ቂጥ ጠንካራ ሆኖ መቅረት አለበት። እሱ ከለሰለሰ ግፊቱን አይችልም፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው «አጃኢብ ነው» አሉ።

አንገቱ ሲጠብ ይሳሳል የሚሉም አሉ። ይወፍራል እንጂ! የጆንያ አፍ ስትሰበስቡ ምን እንደሚሆን አስቡት። የወፈረው ካልተላጨ፣ የረዘመውም ካልተቆረጠ፣ ጠመንጃው ውስጥ አረሩ ታንቆ ይያዛል፤ ግፊቱም ድንገት ይዘላል። «ከገባ ይተኮሳል» የሚለው አባባል ሰው የሚያሳውር እዚህ ላይ ነው።

ባሩድ ሲጨመር ጥይቱ ይርቃል፣ ባሩድ ደግሞ ያው ባሩድ ነው? ሁለቱም አደገኛ ናቸው። የውጅግራው ጥቁር ባሩድና ጭስ አልባው ለየቅል ናቸው። ጭስ አልባው ራሱ ፈጣን አለው፣ ቀርፋፋ አለው። የቤት መኪና ጎማ ወደ 2 አትሞስፌር ቢይዝ ነው። ሠላሳ ዜሮ ስድስት ሲተኮስ ቀለሁ ውስጥ የሚፈቀደው ግፊት 4,000 አትሞስፌር ገደማ ይደርሳል። ፋብሪካ ለሚሠራው ጥይት የተፈተነ የባሩድ ልክ ሠንጠረዥ አለ። ለብዙ ዋይልድካት ግን ያን ያህል የተፈተነ ነገር የለም። ልምድ ያላቸውም የሚጀምሩት ከትንሹ የባሩድ መጠን ነው።

ሕጉንም ልንገራችሁ። እነሱ አገር የተፈቀደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እዚህ ግን መሣሪያና ጥይት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስር ናቸው። «ጓዳዬ ውስጥ ነው» ማለት አያዋጣም።

ልጁ በመጨረሻ ከኪሱ አንድ የተተኮሰ የክላሽ ቀለህ አወጣ። «ይሄስ ባሩድና አረር ተደርጎበት እንደገና አይሞላም?» ቀለሙ ናስ ይመስላል። ባለቶርኖው ማግኔት አስጠጋው፤ ጥብቅ አለ። ለካ ብረት ነው፣ መዳብ የተቀባ። ውስጡን በባትሪ ስናይ ደግሞ እሳት ማስገቢያው ሁለት ቀዳዳ ነው። እነዚያ አሜሪካኖች የሚሞሉት መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ያለውን ነው። የሚገርመው፣ ባለ ሁለት ቀዳዳውን የፈለሰፈው በርዳን አሜሪካዊ ነው፤ አሜሪካኖች የሚወዱትን ባለ አንዱን የሠራው ቦክሰር ደግሞ እንግሊዛዊ።