ፖስት-ፐንክ ምንድን ነው? መጨፈርስ ማን ከለከለ?

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። አንዱ ስለ እንግሊዙ ባንድ ዘ ሂውማን ሊግ የ1981 አልበም፣ ስለ «ዴር» ሲጽፍ «ፖስት-ፐንክ ነበሩ፤ ኋላ ግን ለገንዘብ ሲሉ ፖፕ ሆኑ» ብሎ ፈረደ። አጨብጫቢው ደግሞ ብዛቱ! ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ዛሬስ አልችልም።

ፐንክን በአጭሩ ልለፈው፤ ሳይሠለጥኑም መድረክ ላይ መውጣት ይቻላል ብሎ የድሮውን ሮክ ሊንድ የተነሣ ፈጣንና ሻካራ ሙዚቃ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጥራቸውና፣ ስመ ጥሩ የፐንክ ባንድ ሴክስ ፒስቶልስ በ1978 መጀመሪያ ላይ ተበተኑ። ከእነሱ በኋላ ባንድ ያቋቋመው ወጣት አንድ ጥያቄ ነበረው፤ የድሮው ሮክ ከተናደ በቦታው ምን ይሠራ? ፖስት-ፐንክ የምንለው ለዚህ የተሰጠውን መልስ ሁሉ ነው። መልሱ ደግሞ አንድ ዓይነት ድምፅ አልነበረውም።

ነገሩን በእኛው መልሶ ማልማት ላስረዳ። ሰፈሩን ያፈረሰው ፐንክ ነው። ባዶው ቦታ ላይ የማንቸስተሮቹ ጆይ ዲቪዥን መስኮቱ ጠባብ፣ ግራጫ ሕንፃ አቆሙ። የሊድሶቹ ጋንግ ኦቭ ፎር ልስን የሚባል ነገር አልፈለጉም፤ ብረቱ እንዳገጠጠ ተዉት። የሼፊልዶቹ ሂውማን ሊግ መብራቱ የሚንቦገቦግ ጭፈራ ቤት ሠሩ። አላፊ አግዳሚው ግራጫውን እያየ «ዋናው ይሄ ነው» ይላል። ጭፈራ ቤቱም የቆመው እዚያው መሠረት ላይ፣ በዚያው ሲሚንቶ ነው። ምድር ቤቱ ድረስ ብትወርዱ ግድግዳው ያው ግራጫ ነው።

ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ይኸው። ፋስት ፕሮዳክት የሚባል የኤድንበርግ ትንሽ አሳታሚ ነበር። በ1978 የሂውማን ሊግን የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ «ቢይንግ ቦይልድ»ን አወጣ። በዚያው ዓመት የጋንግ ኦቭ ፎርን «ዳሚጅድ ጉድስ»ንም አወጣ። የጋንግ ኦቭ ፎርን ፖስት-ፐንክነት የሚጠራጠር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ወዳጃችን «ራሳቸውን የሸጡትማ በ1980 ነው» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ያኔ የባንዱ መሥራቾች ማርቲን ዌርና ኢያን ክሬግ ማርሽ ለቀው ሄዱ። ዘፋኙ ፊሊፕ ኦኪ ታዲያ ማንን አመጣ? ሼፊልድ ውስጥ አንድ ጭፈራ ቤት ሲጨፍሩ ያያቸውን ሁለት ተማሪዎች፣ ጆአን ካተራልንና ሱዛን አን ሰሊን። ሙያቸው ዘፈን አልነበረም። ያልሠለጠነ ሰው መድረክ ላይ ይውጣ ማለት የማን እምነት ነበር? ጊታሪስቱ ጆ ካሊስ ደግሞ ከፐንክ ባንድ መጥቶ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) ያዘ።

አሁን ከ«ዴር» ውስጥ «ዶንት ዩ ዋንት ሚ»ን ስሙት። ሠርግ ላይ ሁሉ ይከፈታል፤ የሚገርመኝም ይሄ ነው። ሰውየው ሴቲቱን ከአስተናጋጅነት አንስቼ ሰው ያደረግኩሽ እኔ ነኝ ይላታል። ብትተዪኝ ወደነበርሽበት እመልስሻለሁ ብሎ ይዝትባታል። በሁለተኛው የግጥሙ ክፍል እሷ መልስ ትሰጣለች፤ አስተናጋጅ መሆኔስ ልክ ነው፣ ግን ያላንተም የተሻለ ቦታ እንደምደርስ ያኔም አውቅ ነበር ትላለች። ድምፅዋ አይለማመጥም፣ አያለቅስም። ወደ አዝማቹ ስንገባ ሁላችንም እጃችንን እያነሣን የምንዘፍነው የዛቻ ቃል ነው። የፍቅር ዘፈን ውስጥ ማን በማን ላይ ሥልጣን አለው ብሎ መጠየቅ የፖስት-ፐንክ የዘወትር ሥራ ነበር።

ደግሞ ኦኪ ይህን ዘፈን አይወደውም ነበር። የአልበሙ ደካማ ሥራ ነው ብሎ መጨረሻ ላይ አስቀመጠው። በነጠላ ይውጣ ብሎ የገፋው አሳታሚው ቨርጂን ነው። በ1981 የገና ሰሞን የእንግሊዝ አንደኛ ሆነ፣ በ1982 ክረምት ደግሞ የአሜሪካ።

የድምፅ ሰው ስለሆንኩ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። «ማሽኑ ነው የሠራው» የሚል አለ። ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን ራሸንት የሮላንድ ማይክሮኮምፖዘር የሚባል፣ ሲንተሳይዘሮችን ኖታ በኖታ የሚያጫውት መሣሪያ ተጠቅሟል፤ እሱ ላይ ኖታው የሚገባው ቁጥር በመምታት ነው። ልፋቱን እናንተው ገምቱት። ከበሮው ሊን ኤልኤም-1 የሚባል የከበሮ ማሽን ነው፤ ከእውነተኛ ከበሮ የተቀዳ ድምፅ ያጫውታል። ያኔ ሜሞሪ ውድ ስለነበር ረጅም ድምፅ ያላቸው ትልልቆቹ ሲምባሎች (የከበሮው የብረት ሳህኖች) አልገቡበትም። የዘፈኖቹ አናት ላይ፣ በቀጭኑ ድምፅ በኩል፣ ያ ሁሉ ክፍት ቦታ የሚሰማችሁ አንድም ለዚህ ነው። በስልክ ስፒከር ግን አትፍረዱ፤ ባሱ ጨርሶ አይወጣም። ድምፁ የተጋነነ ሪማስተር (እንደገና ተስተካክሎ የወጣ ቅጂ) ከሆነም ያ ክፍት ቦታ ይጠባል።

በ1981 ሲንተሳይዘር የያዘ ሁሉ ከዚህ ሰፈር ነው ማለቴ ደግሞ አይደለም። ኪቦርድ ይዞ የድሮውን ሮክ የደገመ ሞልቷል።

«ዴር»ን ለመስማት ካሰባችሁ ሸፍሉን (የዘፈኖቹን ተራ የሚያዘበራርቀውን) አጥፉና ከሸክላው ሁለተኛ ፊት «ሰከንድስ»ን ክፈቱ። ስለ ኬኔዲ ግድያ ነው፤ ዘፈኑ የሚያናግረው ተኳሹን ነው። ሲያልቅ ወዲያው «ላቭ አክሽን» ይገባል፣ ያውም በፍቅር አምናለሁ እያለ። ሁለቱን የሚለያያቸው የጥቂት ሰከንድ ዝምታ ነው። ያንን ቅደም ተከተል የመረጡት እነሱ ናቸው። ሸጠዋል የምትለው ወዳጄ፣ እዚያች ላይ የተሸጠውን አሳየኝ።