ጣና ቂርቆስ፦ ታቦተ ጽዮን 800 ዓመት ተቀመጠችበት የሚባለው ደሴት

ጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ ይባላል፣ ጎብኚ የሚያዘወትረው ግን ለባህር ዳር የሚቀርቡትን ነው፣ ጀልባ ተከራይቶ ፎቶ ተነስቶ በግማሽ ቀን ለመመለስ ስለሚመቹ። ጣና ቂርቆስ ከነሱ ራቅ ብሎ በምስራቅ በኩል፣ የጉማራ ወንዝ ሀይቁ ውስጥ ከሚገባበት አካባቢ ነው ያለው፣ ውሃው ሲጎድል ደሞ ከየብሱ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረው።

የገዳሙ አባቶች እንደሚሉት ቀዳማዊ ምኒልክ ከእየሩሳሌም ያመጣት ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት እዚህ ደሴት ላይ ድንኳን ተተክሎላት 800 ዓመት ቆይታለች፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉስ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ነው ወደ አክሱም የወሰዳት። ሂሳብ ለሚወድ ሰው ይሄ ትንሽ ያስቸግራል፣ ሰለሞን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው የሚባለው እና ወደ 500 ዓመት ገደማ ሳይቆጠር ይቀራል። የታቦቷን አመጣጥ የሚተርከው ጥንታዊው መጽሐፍ ክብረ ነገሥትም ቢሆን ደብረ ማክዳ ወደምትባል ከተማ ገባች ነው የሚለው። ደሴቱ ላይ ግን በዚህ የሚከራከር የለም፣ ምክንያቱም ድንጋዮቹ አሉ።

ድንጋዮቹ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆሙ አጫጭር ምሶሶዎች ናቸው፣ ሽበት የመሰለ ነገር በቅሎባቸዋል፣ አናታቸው ላይ እንደ ሲኒ የተቦረቦረ ጎድጓዳ ቦታ አለ። በዘመነ ኦሪት የመስዋዕቱ በግ ደም እዛ ውስጥ ይጠራቀምና ካህኑ ጣቱን እየነከረ ይረጭ ነበር ይባላል። ለኔ ከታቦቷ ታሪክ ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ ቤተክርስቲያን ከተተከለ በኋላ የኦሪቱን መሰዊያ አፍርሰው አልጣሉትም፣ እንደ ቅርስ ጠብቀው ያሳዩታል።

እመቤታችንም በስደቷ ጊዜ ልጇን ይዛ 3 ወር ከ10 ቀን አርፋበታለች ይላሉ። ከዛ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ያሬድ ከአጼ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር መጥቶ ዜማውን እዚህ አስተምሯል የሚል ትረካ አለ።

ደሴቱ ስሙን ያገኘው ከህጻኑ ሰማዕት ከቅዱስ ቂርቆስ ነው፣ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የፈላ ውሃ ውስጥ ተጥሎ ቅዱስ ገብርኤል ካወጣው የ3 ዓመት ልጅ። ይሄ ተአምር የሚታሰበው ሀምሌ 19 ነው፣ ያው ክረምት ላይ፣ ጣና ደሞ ከሰአት በኋላ ንፋስ ይነሳና ማዕበሉ ያስቸግራል፣ ባለጀልባዎቹ በጠዋት ካልሄድን ብለው የሚያጣድፉት ለዛ ነው።