ሳሙራይ ጦሙን ቢውልም ስቴኪኒው ከፍ ይላል

«ኧረ በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው መልስ ስንቴ ከባዶ ሆድ እንደወጣ ቤቱ ይቁጠረው። እኔም ብያለሁ። አንጀቴ እየጮኸ ነው ያልኩት።

ጃፓኖች ለዚህ ዓይነቱ ሰው አንድ አባባል አላቸው፦ «ቡሺ ዋ ኩዋኔዶ ታካዮጂ»። ቡሺ ጦረኛ ነው፣ እኛ ሳሙራይ የምንለው። ኩዋኔዶ «ባይበላም» ማለት ነው። ታካ «ከፍ ያለ»፣ ዮጂ ደግሞ ስቴኪኒ። ሳሙራይ እህል ባይቀምስም፣ ጠግቦ ከማዕድ እንደተነሳ ሰው ስቴኪኒውን ከፍ አድርጎ፣ ዘና ብሎ ጥርሱን ይጎረጉራል ነው ነገሩ። በአማርኛ ሁለት ቃል ይበቃዋል፦ ኩራት እራቱ።

ለመሆኑ ሁለት ሰይፍ የታጠቀ ሰው ምን አስራበው? ሰላም።

ቶኩጋዋ ኢያሱ በ1603 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሾገን፣ ማለትም አገር ገዥ የጦር አለቃ ሆነ። በ1615 የኦሳካ ግንብ ከወደቀ በኋላ ትልልቁ ጦርነት አበቃ፤ ቤተሰቡም እስከ 1868 ድረስ ገዛ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሳሙራይ ማለት ጦርነት የሌለው ጦረኛ ነበር። ማረስም መነገድም ለክብሩ አይመጥንም። ደመወዙ በሩዝ ነው፣ መለኪያው ደግሞ ኮኩ። አንድ ኮኩ 180 ሊትር ገደማ ሲሆን ለአንድ ሰው የዓመት ቀለብ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ችግሩ፣ ደመወዙ ከቤተሰቡ ማዕረግ ጋር የተያያዘ ነው። አያት የሚያገኘውን ያህል የልጅ ልጁም ያገኛል። ገበያው ግን እዚያው ቆሞ አልጠበቀውም።

በኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የሾገኑ ሎሌዎች ሩዛቸውን የሚቀበሉት አሳኩሳ አጠገብ ካሉት የመንግሥት ጎተራዎች ነበር፣ በዓመት ሦስት ጊዜ። ሩዙን ተቀብለው የሚሸጡላቸው ፉዳሳሺ የሚባሉ ደላሎች ነበሩ። ደላላው ቀስ በቀስ አበዳሪ ሆነ። የሚመጣውን ሩዝ አስይዞ መበደር፣ ከዚያ ደግሞ የከርሞውን። በ1724 መንግሥት 109 ፉዳሳሺዎችን በይፋ አወቀላቸው። በ1789 ማትሱዳይራ ሳዳኖቡ የተባለው ባለሥልጣን የቆየውን ዕዳ በአዋጅ ሰረዘው። እፎይ ተባለ! ግን ምን ዋጋ አለው፣ ዕዳው የተሰረዘባቸው ደላሎች እንደገና ለማበደር እጃቸው ታሰረ። በየክፍለ ሀገሩ ያሉት መሳፍንት ደግሞ ከሎሌዎቻቸው ደመወዝ ላይ «ብድር» እያሉ ይቆርጡ ነበር። ብድሩ ይመለሳል ብሎ የጠበቀ ካለ የዋህ ነው።

አሁን ወደ ስቴኪኒው። ዮጂ የሚለው ቃል በጽሕፈቱ የአኻያ ቅርንጫፍ ማለት ነው፤ ልማዱም ከቡድሃ መነኮሳት ጋር የመጣ ነው። ቃሉ የጥርስ መጎርጎሪያዋን ብቻ ሳይሆን ጫፉ ተቀጥቅጦ እንደ ብሩሽ የተበተነውን እንጨትም ይጨምራል። ይኸኛውን እኛ ማስረዳት አያስፈልገንም፣ መፋቂያ ነው። በኤዶ ዋናው ገበያው ሴንሶጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ነበር። እዚያ ካሉት ሱቆች በአንዱ ኦፉጂ የምትባል ቆንጆ ነበረች። በ1760ዎቹ ሠዓሊው ሱዙኪ ሃሩኖቡ በእንጨት ቅርጽ ሥዕሎቹ ሣላት፣ ስሟም ከተማውን አዳረሰ። መፋቂያ ሊገዙ ከሚመጡት ወንዶች ስንቱ ጥርሱ አሳስቦት እንደነበር እንጃ።

አባባሉን ማን አወጣው ቢባል፣ ሳሙራዩ ራሱ አይመስለኝም። ይሄ የተመልካች ቃል ነው። አንድ ምልክት አለኝ። ጃፓኖች ኢሮሃ ካሩታ የሚሉት የካርታ ጨዋታ አላቸው፤ በእያንዳንዱ ፊደል የሚጀምር አንድ አባባል ከነሥዕሉ ይቀመጣል። ሳሙራዩና ስቴኪኒው ያሉት «ፉ» በሚለው ፊደል ሥር፣ በኪዮቶው ካርታ ላይ ነው። ሳሙራይ በሞላባት በኤዶ ካርታ ላይ በዚያው ፊደል የሚገኘው ሌላ ነው፦ ደብዳቤ መላክ ፈልጎ መጻፍ ስለማይችል ሰው ይናገራል። ባለ ሰይፉ በየመንገዱ በሚርመሰመስበት ከተማ ሳይሆን፣ ከሩቅ ሆነው በሚያዩት ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች አገር ተቀለደበት።

ቀልዱ ግን ንጹሕ ስድብ አይደለም። ዛሬም በሁለት በኩል ይሠራበታል። ቸግሮት ለማንም የማይለማመጥ፣ ገበናውን የሸፈነ ሰው ሲሆን ምስጋና ነው። ኪሱ ባዶ ሆኖ «ዛሬ ሒሳቡ በእኔ» ለሚል ቀብራራ ሲሆን ሹፈት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የተናጋሪው ድምፅ ነው። የእኛው «ኩራት እራቱ» ራሱ እንደዚያ አይደል?

እቤት በር ሲዘጋ ሌላ ታሪክ ነበር። ዝቅተኛ ሳሙራዮች ማታ ማታ ጃንጥላ ይለጥፋሉ። በኤዶ ሺታያ ሰፈር የጠዋት አበባ የሚሉትን ሐረግ በማሰሮ እያበቀሉ ይሸጡ ነበር። ከኤዶ ባሕር ማዶ፣ በዛሬዋ ቺባ ውስጥ ኩሩሪ የምትባል የግንብ ከተማ አለች። የእዚያ ሳሙራዮች የጎን ሥራ ኩሮሞጂ የሚባል መዓዛ ያለው እንጨት መጥረብ ነበር። ቅርፊቱን በአንድ በኩል ይተዉለታል፣ ጫፉን ያሾሉታል።

የሚጠርቡት ስቴኪኒ ነው።