ወጥ ልኬት ሁሉ ትክክል አይደለም
አንጎል በኤምአርአይ ሲነሣ ጭንቅላት በአንድ ሚሊሜትር እንኳ ቢነቃነቅ ምስሉ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች እንቅስቃሴውን በካሜራ ይከታተላሉ። ካሜራው ራሱስ ምን ያህል ይታመናል? እዚህ ላይ ትክክለኛነትና ወጥነት ይምታታሉ። ሰው ሠራሽ ጭንቅላት ልክ 2 ዲግሪ አዙረን ካሜራው አሥር ጊዜ 1.6 ቢል፣ ልኬቱ ወጥ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ጭንቅላቱ ባለበት ቆሞ የንባቡን መዋዠቅ ብቻ ለክቶ «ትክክለኛነት» ብሎ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው። ትክክለኛነት የሚታወቀው ልኩ አስቀድሞ ከታወቀ እንቅስቃሴ ጋር ሲነጻጸር ነው። ዲግሪም ብቻውን አይበቃም፤ ከመዞሪያው ማዕከል 50 ሚሊሜትር በራቀ ነጥብ ላይ የ1 ዲግሪ ስሕተት 0.87 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን እሱም እጥፍ ይሆናል።