«ሆድ ይፍጀው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባለፈው ክረምት ፈረንጅ አራዳ፣ አንዲት ጀበና ቡና ጋ በረንዳው ላይ ተቀምጠናል። ዝናቡ የጅማ ዝናብ ነው፤ መጀመር እንጂ ማቆም አያውቅም። አጠገቤ ያሉት የድሮ አስተማሪዬ ናቸው። ከተመረቅኩ ስንት ዓመቴ፣ ዛሬም «ቲቸር» ነው የምላቸው። በስማቸው ልጥራቸው ብል አፌ እሺ አይለኝም። የሚያስተምሩት ሌላ ከተማ ነው፣ ክረምት ክረምት ቤተሰባቸው ጋ ይመጣሉ።

«ቲቸር፣ ያ ጥናት ምን ደረሰ?» አልኳቸው።

ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። በኩሬው እየተረጨች የምታልፈውን ባጃጅ በዓይናቸው ሸኙ።

«ሆድ ይፍጀው» አሉኝ። በቃ። ወሬያችን ወደ አቮካዶ ዋጋ ዞረ።

ቤት ገብቼ ግን ቃሉ አልለቅህ አለኝ። በቀን ስንቴ እንለዋለን? ከባሏ ጋር የተለያየችው ጎረቤት ምን ሆነሽ ነው ሲሏት ትለዋለች። በውርስ ከወንድሙ የተካሰሰ ሰው ይለዋል። ሹመት ያመለጠው፣ ገንዘብ አበድሮ የተካደ፣ ሁሉም። ትርጉሙን ለልጅ አስረዳ ቢሉኝ እንዲህ እላለሁ፦ የምናገረው ሞልቶኛል፣ ብናገረው ግን ወይ አይጠቅመኝም ወይ ያስከፍለኛል፣ ስለዚህ እዚያው ውስጤ ይቅር።

ከ«ተወው» ጋር አንድ የሚመስለው አለ። አይደለም። «ተወው» የምንለው ነገሩ ትንሽ ሲሆን ነው፤ «ሆድ ይፍጀው» ግን ነገሩ ከብዶ ሲያስቸግር ነው። ዝም ከማለትም ይለያል። ዝም ያለ ሰው ዝም ብሏል፣ ምን እንዳሰበ አታውቅለትም። «ሆድ ይፍጀው» ያለ ሰው ግን ዝም ማለቱን ነግሮሃል። የደበቀው ነገር እንዳለ ገልጦ፣ ነገሩን ራሱን ይደብቅሃል። እኛ ደግሞ ይኼኔ አንጠይቅም፤ ራሳችንን ነቅንቀን ስኳር እንጨምራለን።

እንግዲህ ስለ አመጣጡ። ይሄ አባባል እንደ ሌሎቹ «አንድ ንጉሥ ነበር» የሚባል ተረት የለውም። ታሪኩ ያለው ሁለቱ ቃላት ውስጥ ነው።

ሆድ በአማርኛ የእንጀራ ከረጢት ብቻ አይደለም። የስሜት መቀመጫ፣ የምስጢር ጎተራ ነው። ታጋሹን ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚከፋውን ሆደ ባሻ፣ ለሰው የሚያዝነውን ሆደ ቡቡ እንለዋለን። የተጣሉት ሆድና ጀርባ ሆኑ ይባላል። እዚህ ጅማ ኦሮምኛ የሚናገር ጎረቤት የሌለው የለምና ይህንንም ልጨምር፤ በኦሮምኛ ሆድ «ገራ» ነው፣ ርኅሩኅ ሰው ደግሞ «ገራ ላፋ» ይባላል፣ ሆዱ የለሰለሰ እንደማለት። ሁለቱ ቋንቋዎች ቡና ብቻ አይደለም አብረው የሚጠጡት።

ሁለተኛው ቃል «ፈጀ» ነው፣ ጨዋታውም ያለው እዚህ ላይ ነው። እሳት ጎጆ ይፈጃል። ሚጥሚጣ ምላስ ይፈጃል። ጉዳይ ጊዜ ይፈጃል። ጦርነት ሕዝብ ሲፈጅ ፍጅት እንለዋለን። በልቶ መጨረስ፣ አቃጥሎ ማለቅ ነው ነገሩ። እና ከዚሁ ቃል የወጣ አንድ የሙያ ስም አለ፦ ነገረ ፈጅ። ለባለጉዳዩ ቆሞ የሚከራከር፣ ነገሩን ችሎት ፊት አብላልቶ የሚጨርስ ሰው። ዛሬም በመሥሪያ ቤቶች የሥራ ማስታወቂያ ላይ ታገኙታላችሁ።

አሁን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ነገረ ፈጅ። ሆድ ይፍጀው። እኔ እንደማነበው ይሄ አባባል የችሎት ቋንቋ ነው። ነገሬን ሸንጎ ይፍጀው ማለት ሲገባኝ፣ ሸንጎ ስላጣሁ ሆዴን ነገረ ፈጅ አድርጌ ሾምኩት። ችግሩ ሆድ ነገር አይፈጅም፣ ነገሩ ነው ሆድን የሚፈጀው። ይህን ጨጓራ ያለው ሁሉ ያውቃል።

ወደ ቲቸር ልመለስ። በኋላ በኋላ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ነገሩኝ፣ ሙሉውን ዛሬም አላውቅም። ጥናታቸው ከመሬታቸው ስለተነሡ ገበሬዎችና ስለ ካሳቸው ነበር። መጠይቁን አባዝተዋል፣ የተወሰነውንም አስሞልተዋል። ለቀሩት ቀበሌዎች የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቁ ነገር መጣ። ጥናት የሞከረ ያውቀዋል፤ ማኅተም ያለው የድጋፍ ደብዳቤ ሳይዙ ቀበሌ መግባት አይታሰብም። ማንም «አትሥራ» አላላቸውም። «ነገ ተመለስ» ነው የተባሉት። ከዚያ «ከላይ እንጠይቅ»። ከዚያ አንዱ የሥራ ባልደረባቸው ሻይ ጋብዞ፣ በጣም በፍቅር፣ «ልጆችህ ገና ትንንሽ ናቸው» አላቸው። ርዕሱ ተቀየረ። አሁን የሚያጠኑት የተማሪዎችን የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ነው። ሲነግሩኝ ራሳቸው ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ያልሳቀችው ቡና የምታፈላው ልጅ ብቻ ነች።

እና እዚህ ጋ ነው ሌላው ሆድ የሚመጣው። አማርኛ ለዚያም ስም አለው፦ ሆድ አደር። ለእንጀራው ሲል ያየውን እንዳላየ የሚሆን። ምስጢር የሚቀበርበት ሆድና እንጀራ የሚጠይቀው ሆድ አንድ ሆድ ነው፣ አፈናውም የሚገባው በዚሁ በር ነው። አስተማሪን ዝም ለማሰኘት ሁልጊዜ ወታደር አያስፈልግም። ደመወዝ አለ፣ የማዕረግ ዕድገት አለ፣ የኮንትራት እድሳት አለ፣ የውጭ ትምህርት ዕድል አለ። በኢሕአዴግ ጊዜ ካምፓስ የነበረ ሰው አንድ ለአምስትን ያስታውሳል። አምስት ልጅ ተደራጅቶ «አብሮ እንዲያጠና» ነው የሚባለው፣ ግን ከአምስቱ ማን ለማን እንደሚያወራ ስለማይታወቅ ሰው ዶርም ውስጥ እንኳ ድምፁን ቀንሶ ነበር የሚያወራው። ለነገሩ ቀንሶም አያወራም።

ወታደር የመጣበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ሆድ ይፍጀው ያላሉትን ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ነው። በየካቲት 1957 ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አዲስ አበባ ላይ ወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው ሊሸኙት በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ክቡር ዘበኛ ስድስት ኪሎ ግቢ ገብቶ ተኮሰ። ደርግ መጣ፣ ተማሪና አስተማሪውን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከው። ቀይ ሽብር ደግሞ ከግቢም ከከተማም ትውልድ ፈጀ። ይሄኛው ፈጀ ማብራሪያ አይፈልግም።

ኢሕአዴግ ሲመጣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1985፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ ለጉብኝት በመጡበት ሰሞን፣ የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ ተቃውመው በወጡ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። ከወራት በኋላ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራ ተባረሩ። ከነሱ አንዱ ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው፤ በኋላም ታስረው፣ ታመው፣ በ1991 በአሜሪካ አረፉ። ሌላው ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ናቸው፣ የመምህራን ማኅበሩ ፕሬዚዳንት፤ ከ1988 እስከ 1994 እስር ቤት ቆዩ።

የሚያዝያ 1993ቱን ደግሞ ልብ በሉት። ተማሪዎቹ የጠየቁት ዘውድ አልነበረም። የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ማኅበራችን ይፈቀድ፣ ጋዜጣችን ይታተም ነው ያሉት። ነገሩ ወደ ከተማው ተዛምቶ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ተማሪ ቀስቅሳችኋል ተብለው ታሰሩ። ተማሪ ሰብስበው የተናገሩት ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ አካዳሚክ ነፃነት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዓመታት ፖለቲካ ያስተማሩት ዶክተር መረራ ጉዲና ደግሞ በኅዳር 2009፣ ከአውሮፓ ፓርላማ ንግግር መልስ፣ ተይዘው እስከ ጥር 2010 ታሰሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወረቀቱ ላይ ነፃነቱ አለ እኮ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን የመግለጽ መብት አለ። የ2011ዱ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅም የአካዳሚክ ነፃነትን በስሙ ጠርቶ ይጠብቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ተብሏል። የቲቸር የድጋፍ ደብዳቤ ግን አልመጣም።

አንዳንዱ «ሆድ ይፍጀው»ን እንደ ጨዋነት፣ እንደ ሆደ ሰፊነት ያመሰግነዋል። ለጎረቤት ጠብ ይሁን፣ እስማማለሁ፤ ሁሉ ነገር አደባባይ አይወጣም። አስተማሪና ተመራማሪ ግን የሚከፈለው ያገኘውን እንዲናገር ነው። እሱ ሆድ ይፍጀው ሲል የተቃጠለው የሱ ሆድ ብቻ አይደለም፣ የገበሬው ነገርም አብሮ አለቀ። ነገረ ፈጁ ራሱ ነበራ።

ዝናቡ በረድ ያለ ቀን ቲቸር ቤት ሄድኩ፣ የተዋስኩትን መጽሐፍ ልመልስ። ትንሿ ልጃቸው ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ፊደል ትጽፋለች። አጠገቧ የዘይት ካርቶን አለ፣ በወረቀት የተሞላ። መጠይቁ ነው። ጀርባው ባዶ ስለሆነ ለቤት ሥራ ይሆናል ተብሎ ነው።

የምትጽፍበትን አንስቼ ገለበጥኩት። ተራ ቁጥር 14፦ «ካሳው መቼ ተከፈለዎት?» ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «አልተከፈለኝም» ይላል። መጠይቁ አናት ላይ «ስም መጻፍ አያስፈልግም» የሚል መመሪያ አለ፣ ሁሌም እንደሚባለው። ኅዳጉ ላይ ግን በቲቸር የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ስሜ ይጻፍ ብለዋል»። ከዚያ ሙሉ ስም እስከ አያት።

ቀና ስል ቲቸር ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ልጅቷ ወረቀቱን ከእጄ መንጭቃ ገለበጠችው። ገና «ለ» ላይ ነበረች።