ቫሪኮሴል ምንድን ነው? ኦፕራሲዮኑስ ለማን?

«ቫሪኮሴል ካለብህ ኦፕራሲዮን ሳትሆን አትወልድም» የሚለው ምክር በዝቷል፤ ትክክል አይደለም። ከዘር ፍሬ ደም የሚመልሱ ሥሮች ሰፍተው ደም ሲቋጠርባቸው ቫሪኮሴል ይባላል። ከ100 ወንዶች በ15ቱ ገደማ ላይ ይገኛል፤ አብዛኞቹ ማንም ሳይነካቸው ይወልዳሉ። ለመውለድ በተቸገሩት ዘንድ ግን ቁጥሩ ወደ 40 ይጠጋል፤ ሐኪሞችን የሚያሳስበውም ይኸው ልዩነት ነው።

የባሰው የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዞ ወደ ቀዶ ሐኪም መሮጥ ነው። በእጅ የማይዳሰስ፣ በአልትራሳውንድ ብቻ የታየ ቫሪኮሴል ለመውለድ ተብሎ አይቀደድም። ምርመራው ታካሚው ቆሞ፣ ሞቅ ባለ ክፍል፣ በእጅ ነው። ደረጃ 1 የሚዳሰሰው ታካሚው ትንፋሹን ይዞ ሲያምጥ ብቻ ነው፤ 2 ሳያምጥም ይዳሰሳል፤ 3 በዓይን ይታያል። የሚዳሰስ ሆኖ፣ ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ የተሰጠው የዘር ፈሳሽ ደጋግሞ ጉድለት ካሳየ፣ ሚስትም ከተመረመረች ያኔ ስለ ኦፕራሲዮን እንነጋገር። (የቴስቶስተሮን፣ ማለትም የወንድ ሆርሞን፣ መርፌ የሚወጋ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ መርፌው ራሱ የስፐርም (የወንድ ዘር ህዋስ) ምርትን ያዳክማል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ያቆማል።)

ውሃ የተኛበት የዋልካ ማሳ አስቡ፤ ማሳው የዘር ፍሬው፣ ቦዩ የሰፋው ደም መላሽ ሥር ነው። የተበላሸው ቦይ ውሃውን ወደ ማሳው ይመልሳል። ሐኪሙ ቦዩን አይጠርገውም፣ ይደፍነዋል፤ ደሙ በቀሩት ደህና ሥሮች ይወጣል። ብሽሽት አጠገብ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይከፈትና በማይክሮስኮፕ እየታየ የሰፉት ሥሮች አንድ በአንድ ይታሰራሉ። መስኖ የሚያመጣው ደም ቅዳ አብሮ ከታሰረ ማሳው ሊደርቅ ይችላል። የሊምፍ ቧንቧዎቹ (ትርፍ ፈሳሽ የሚያስወግዱት) ከታሰሩ ፍሬው ዙሪያ ውሃ ይቋጠራል። ሳይታሰር ያመለጠ ሥር ካለ ደግሞ ያገረሻል። ማይክሮስኮፕ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም።

ማሳው በጠነፈፈ ማግስት ግን አይታጨድም። ስፐርም ተጀምሮ እስኪበስል ከ70 ቀን በላይ ይፈጃል፤ ዛሬ የሚወጣው ውሃው ተኝቶ ሳለ የበቀለው ነው። በወሩ ተመርምሮ «ከሸፈ» የሚል ሰው ቡቃያ ላይ ማጭድ ይዞ ገብቷል። የመጀመሪያው ምርመራ በ3ኛው ወር፣ ቀጣዩ በ6ኛው ይሁን። ከተሻሻለም የተሻሻለው የዘር ፈሳሹ ነው፤ እርግዝና ሌላ ጉዳይ ነው። ጨርሶ ስፐርም ያልታየበት ሰው ደግሞ ቢላ ከመነሳቱ በፊት የሆርሞንና የዘረመል ምርመራ ያድርግ፤ ማሳው ራሱ ዘር ካላበቀለ ማጠንፈፍ ብቻውን አይበቃም።

የግራው ደም መላሽ ረጅም ስለሆነና የግራ ኩላሊትን ደም መላሽ በ90 ዲግሪ ማዕዘን ስለሚገናኝ ቫሪኮሴል በብዛት በግራ ነው። በቀኝ ብቻ በድንገት ከወጣ፣ ወይም ሲተኙ እብጠቱ የማይጎድል ከሆነ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሆድ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ይታይ፤ ኩላሊት አካባቢ ያለ ዕጢ ሥሩን ተጭኖት ሊሆን ይችላል።

ሚስት 38 ወይም 39 ዓመት ከሆናት ደግሞ ስድስት ወር መጠበቅ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል፤ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ከሰውነት ውጭ ስለሚደረግ ፅንሰት ሁለቱም አብረው ሐኪም ያነጋግሩ።