ከጓደኛ ጋር ለኢንተርቪው ስንለማመድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«መልሱን ከሸመደድኩ አልቋል።» እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ለአንድ የሂሳብ ሠራተኛ ቦታ «ስለ ራስህ ንገረን» የሚለውን እንደ ዳዊት ስደግም ጓደኛዬ መሃል ላይ አቋረጠኝ። «ቆይ፣ ሲቪህ ላይ ኤክሴል እችላለሁ ብለሃል። መጨረሻ የሠራህበት መቼ ነው?» ድርቅ አልኩ። እንደገና «ስሜ…» ብዬ ከሀ ስጀምር በሳቅ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የምይዘው አራት ነጥብ ብቻ ነው፤ ችግሩ ምን ነበር፣ የኔ ድርሻ፣ ያደረግኩት፣ የተገኘው ውጤት። ቃሉ እዚያው ይመጣል።

«የሚያበረታታኝ ጓደኛ ይጠይቀኝ።» ያበረታታችሁ፤ ግን ከልምምዱ በኋላ። አልጋ ላይ ጋደም ብሎ «አሪፍ ነው፣ ቀጥል» የሚል ሰው ምንም አያዘጋጃችሁም። የሥራ ማስታወቂያውን ስጡት፣ ጥያቄውን ከዚያ ያውጣ። በር አንኳኩታችሁ ግቡ። እሱም ፊቱን ኮስተር ያድርግ። ሁለተኛ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው፤ እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ኮሚቴ ነው። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ቀና ሳይል ይጽፋል። እኔን የሚያስበረግገኝ ያ የሚጽፈው ነው! በስልክም ተቀረጹ። የራሴን ሳዳምጥ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ማለት ነው» ያልኩት አሥራ አንድ ጊዜ ነው።

«እንግሊዝኛውን እዚያው እወጣዋለሁ።» በአማርኛ ጀምሮ በድንገት ወደ እንግሊዝኛ የሚዞር ጠያቂ አለ። ጓደኛችሁም ሳያስጠነቅቅ ይዙር።

«ደሞዝ ሲጠይቁኝ በድርጅቱ ስኬል እላለሁ።» ማስታወቂያው ራሱ «በስኬሉ መሠረት» ካለ ጥሩ። «በስምምነት» ካለ ግን ቁጥር ይጠብቃሉ። ያልተጣራውን ነው የምትጠሩት ወይስ እጃችሁ የሚገባውን? ከደሞዙ ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። ይህን ሳያስቡ ቁጥር የጠሩ ሰዎች የመጀመሪያው ወር ላይ ይደነግጣሉ። ቁጥሩ ሳያንተባትባችሁ እስኪወጣ ጓደኛችሁ ደጋግሞ ይጠይቃችሁ።

«ጥያቄ አለህ?» ሲባል «የለኝም» ማለት ጨዋነት ይመስለን የለ? ግድየለሽነት መስሎ የሚታያቸው አሉ። ስለ ሙከራ ጊዜው መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም። ጓደኛዬን ይህን ብጠይቀው መልስ አጣ። ወረቀቱን ሰብስቦ «እንደውልልሃለን» ብሎ አሰናበተኝ።